ብርድ፣ ምች፣ ሽንት ማጥ፦ የሽንት ሕመምና መንስኤው በወልድያ፣ በመርሳና በሀብሩ

ሽንት ሲያቃጥል፣ ጠብ ጠብ ሲል፣ ቶሎ ቶሎ ሲያስነሳ፣ አልወጣ ሲል ወይም ደም ሲቀላቅል በሰሜን ወሎ፣ በወልድያም ሆነ በሀብሩ ገጠር ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጠየቀው ጤና ጣቢያው አይደለም። እናት ትጠየቃለች፤ ጎረቤት ይጠየቃል፤ ሥር ምሶ ቅጠል በጥሶ የሚያክም አዋቂ ይጠየቃል። መልሱም በአብዛኛው ከሁለት አንዱ ነው፦ ብርድ መትቶሃል፣ ወይም ምች ነው። ከዚያ ወዲያ ሽንት ማጥ አለ፣ ጨብጥ አለ፣ ኩላሊት አለ።

ሐሳቤን ከመነሻው ልናገር። የቤቱ ዕውቀት ምልክትን አይቶ በመለየት ጎበዝ ነው፤ መንስኤውን ሲናገር ግን ብዙ ጊዜ ይስታል። ያው አንድ ማቃጠል ከብዙ የተለያዩ በሽታዎች ሊመጣ ስለሚችል፣ ስሜቱ ብቻውን ከየት እንደመጣ አይናገርም። የሚናገረው የታማሚው ዕድሜ፣ ፆታ፣ ሥራና የኖረበት አገር ነው፤ ከዚያም ለምርመራ የተሰጠ ጥቂት ሽንት። በዚህ ረገድ የእኛ ባህላዊ ሕክምናና ሩቅ ያለው የቻይና ሕክምና የሚመሳሰሉት ከምንገምተው በላይ ነው፤ ጥንካሬያቸውም ጉድለታቸውም አንድ ቦታ ላይ ይገናኛል።

የቤቱ ትንተና በሙቀትና በብርድ ላይ የቆመ ነው። ቀዝቃዛ ድንጋይ ላይ የተቀመጠ፣ ላቡ ሳይደርቅ ነፋስ የመታው፣ ወንዝ ውስጥ ቆሞ ልብስ ሲያጥብ የዋለ ሰው ሽንቱ ቢበዛና ቢያጣድፈው ብርድ ነው ይባላል። ፀሐይ ሲመታው ውሎ ያተኮሰው ሰው ሽንቱ ቢጠቁርና ቢያቃጥለው ምች ነው፤ ዳማከሴ ይታሽለታል። የጋለ ድንጋይ ላይ ወይም በጨረቃ ፊት ለፊት መሽናት ጨብጥ ያስይዛል የሚል እምነትም ይሰማል። ከእነዚህ ሁሉ ፍጹም መሠረት የሌለው የመጨረሻው ብቻ ነው። ሰውነት ሲቀዘቅዝ የቆዳ ደም ሥሮች ይጠባሉ፣ ደሙ ወደ ውስጥ ይሰበሰባል፣ ኩላሊትም ትርፍ የመሰለውን ውሃ ያስወግዳል። በብርድ ቀን ሽንት የሚበዛው ለዚህ ነው፤ በሽታም አይደለም። በፀሐይ ሲያልበው የዋለ ሰው ደግሞ ውሃው በላብ ስላለቀ ሽንቱ ያንሳል፣ ይጠቁራል፣ ጥቂትም ሊያቃጥል ይችላል። አያቶቻችን ያዩት እውነት ነበር። ችግሩ የሚመጣው ማቃጠሉ ሦስተኛ ቀኑን ሲይዝ፣ ትኩሳት ሲጨመርበት፣ ደም ሲታይበትም መልሱ ያው ብርድ ሲሆን ነው።

«ኩላሊቴን አመመኝ» የሚል ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ በእጁ የሚያሳየው ወገቡን ነው። በመርሳ ወይም በጊራና መስኖ ጎንበስ ብሎ ሽንኩርት ሲያርም የሰነበተ ሰው ወገቡን ቢያመው የደከመው ጡንቻው መሆኑ አይቀርም። ኩላሊት ከዚያ ከፍ ብላ፣ ከመጨረሻዎቹ የጎድን አጥንቶች ሥር ናት። የእሷ ሕመም ቢቀመጡም ቢተኙም አይሻልም፤ ኢንፌክሽን ከሆነ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለትና ማስመለስ ይከተለዋል። የወገብ ሕመምን በኩላሊት ስም እያከሙ ወራት መፍጀት አንድ ጥፋት ነው። ከዚያ የሚብሰው ግን እውነተኛውን የኩላሊት ኢንፌክሽን ወጌሻ ዘንድ ወስዶ ማሸት ነው።

ይህ ዕውቀት በቃል ብቻ የቆየ አይደለም። ደብተራዎች በግእዝና በአማርኛ የጻፏቸው የመድኃኒት መጻሕፍት በየገጹ የሕመሙን ስም አስቀድመው፣ ቀጥለው ሥሩንና ቅጠሉን፣ አንዳንዴም ጸሎቱን ይዘረዝራሉ። ፖላንዳዊው የኢትዮጵያ ጥናት ሊቅ ስቴፋን ስትሬልሲን ከእነዚህ ብራናዎች የተወሰኑትን እ.ኤ.አ. በ1968 አሳትሟቸዋል። ዳዊት አበበና አሐዱ አየሁም እ.ኤ.አ. በ1993 በሰሜን ኢትዮጵያ መድኃኒት ዕፅዋት ላይ ትልቅ ሥራ አውጥተዋል። በእንዲህ ያሉ መጻሕፍት የሕክምናው መነሻ ሕመምተኛው የሚናገረው ነገር ነው። ሽንት ለማጠው ይህን፣ ደም ለሚሸና ያን ይላሉ። ደሙ ከየት መጣ የሚለው ጥያቄ እምብዛም አይነሳም።

ቻይናውያን ግን ይህን ጥያቄ ገና በጥንት ጊዜ አንስተውታል። ቻዎ ዩዋንፋንግ የተባለው የሱዊ ሥርወ መንግሥት ሐኪም እ.ኤ.አ. በ610 ባዘጋጀው የበሽታዎች መንስኤ መጽሐፍ የሚያቃጥልና የሚንጠባጠብ ሽንት ሥሩ የኩላሊት መድከምና የፊኛ መጋል ነው ብሎ፣ ሕመሙን በሰባት ከፍሎታል፦ የድንጋይ፣ የእስትንፋስ ኃይል መታወክ፣ እንደ ቅባት የደፈረሰ፣ የድካም፣ የሙቀት፣ የደምና የብርድ። ዛሬም የቻይና ባህላዊ ሐኪም ሽንቱ ቢጫ፣ ጥቂትና የሚያቃጥል ከሆነ «እርጥብ ሙቀት ፊኛ ውስጥ ወርዷል» ይላል። ሽንቱ የጠራ ውሃ የመሰለ፣ ብዙ፣ ሌሊት የሚያስነሳ ሆኖ ወገብ ካደከመና እግር ከቀዘቀዘ ደግሞ የኩላሊት ሙቀት ማነስ ነው ይላል። እዚያም «ኩላሊት» የሚባለው ሽንት የምታጣራዋ አካል ብቻ አይደለችም፤ አጥንት፣ ዘር፣ እርጅናና የወገብ ጥንካሬ ሁሉ የእሷ ናቸው። የመርሳ ገበሬ ወገቡን ይዞ ኩላሊቴን ሲል አንድ የቻይና አዛውንት ያለ አስተርጓሚ የሚረዳው ይመስለኛል።

የሰባቱ ክፍፍል ብልሃት እውነተኛ ነው። የድንጋዩ ዛሬ የሽንት ጠጠር የምንለው ነው። የሙቀቱ አብዛኛው የባክቴሪያ ኢንፌክሽን ነው። የደሙ ጠጠር፣ ኢንፌክሽን፣ ዕጢ ወይም ጥገኛ ትል ሊሆን ይችላል፤ እዚህ ላይ ክፍፍሉ ይቆማል፤ አራቱን ለመለየት ማይክሮስኮፕ ያስፈልጋል።

ስለ ቻይና መድኃኒት ስናነሳ የማይዘለል አንድ ታሪክ አለ። ለእርጥብ ሙቀት ከሚታዘዙት ሁሉ የታወቀው በሶንግ ዘመን በመንግሥት መድኃኒት ቤት መዝገብ የገባው «ባ ዠንግ ሳን» ነው፤ ከስምንት ነገሮች ይቀመማል። ከስምንቱ አንዱ የጎርተብ ዘመድ የሆነ ተክል ፍሬ ነው፤ ሌላው «ሙ ቶንግ» የሚባል የሐረግ ግንድ። በሃያኛው ክፍለ ዘመን በዚህ ሐረግ ፈንታ ስሙ የሚቀርበው ግን ዘሩ ሌላ የሆነ «ጓን ሙ ቶንግ» በብዙ ቦታ ተተካ። ይህ ሁለተኛው አሪስቶሎኪክ አሲድ የሚባል መርዝ አለው፤ መርዙ ኩላሊትን ያደርቃል፣ ከዓመታት በኋላም የሽንት ቱቦ ካንሰር ያመጣል። አደጋው ለዓለም የተገለጠው ግን በቤልጅየም ነው። ብራሰልስ ውስጥ ክብደት ለመቀነስ የቻይና ዕፅ የወሰዱ ሴቶች ኩላሊታቸው መድከሙን ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1993 ይፋ አደረጉ። እዚያም የሆነው ያው ነበር፤ ስሙ የሚመስል የዚሁ የመርዛማ ዘር ሥር በሌላው ፈንታ ገብቶ ነበር። ቻይና ጓን ሙ ቶንግን እ.ኤ.አ. በ2003 ከመድኃኒት መዝገቧ አወጣችው። ሽንት ያጠራል ተብሎ የተቀመመ ነገር ኩላሊትን ገደለ። ያንን ቀማሚ የማያውቅ ወይም ተንኮለኛ ነው ማለት አይቻልም፤ የጎዳው ከዓመታት በኋላ የሚገለጥ ጉዳት በአንድ ሰው ዓይን ስለማይታይ ነው። የእኛም መድኃኒት አዋቂ እዚሁ ላይ ነው የሚቸገረው። ዛሬ ጠጥቶ ነገ የተሻለውን ሰው ያያል፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ኩላሊቱ የደከመውን አያይም።

የቻይና ሕክምና ከእኛ አገር የራቀ አይደለም። የቻይና የሕክምና ቡድኖች እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ ወደ ኢትዮጵያ ይመጣሉ፤ አዲስ አበባ አቃቂ ቃሊቲ ባለው ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታልም የመርፌ ሕክምናቸው (አኩፓንክቸር) ይሰጣል። የመርፌውን ዋጋ ሳይንስ በአንድ ነጥብ ላይ ደግፎታል፦ ሲያስሉ ወይም ሲስቁ ሽንት በሚያመልጣቸው 504 ሴቶች ላይ በቻይና ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት፣ ኤሌክትሪክ የታከለበት መርፌ ከማስመሰያው በተሻለ መፍሰሱን እንደቀነሰ አሳይቷል። ባክቴሪያ ግን በመርፌ አይሞትም።

ወደ እኛው ዕፅ እንመለስ። ለጨብጥና ለሽንት ሕመም እንዶድ ወይም ብሳና የሚያጠጡ አዋቂዎች አሉ። ሁለቱም አንጀትን ክፉኛ የሚያውኩ፣ መጠናቸው ሲያልፍ ሰው የሚገድሉ ናቸው፤ እርጉዝ ሴት ደግሞ ጨርሶ ልትቀምሳቸው አይገባም። ተልባ፣ አብሽና የገብስ ውሃ ግን ሌላ ናቸው። ለአብዛኛው ሰው ጉዳት የላቸውም፤ ጥቅማቸውም በውስጣቸው ባለው ውሃ ይመስለኛል። ሽንት ቶሎ ቶሎ በሚያቃጥላቸው 140 ሴቶች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት፣ በየቀኑ አንድ ሊትር ተኩል ውሃ የጨመሩት ሴቶች በዓመት ውስጥ የያዛቸው ኢንፌክሽን ካልጨመሩት በግማሽ ገደማ እንዳነሰ አሳይቷል። እማማ ተልባ በጥብጠው «ጠጪ ልጄ» ሲሉ ልጅቱ መጠጣቷ ትክክል ነው። ትኩሳት ካላት ግን ጠጥታ ወደ ጤና ጣቢያ ትሂድ።

የሽንት ማቃጠል ከሁሉ ይልቅ የሴቶች ሕመም ነው፤ ይህም የጥንቃቄ ጉድለት ሳይሆን የተፈጥሮ ነገር ነው። የሴት የሽንት መውጫ ቱቦ አራት ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ የወንድ ወደ ሃያ ይደርሳል። በአንጀት በሰላም የሚኖረው ኢ. ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ ይህን አጭር መንገድ ተሻግሮ ፊኛ ሲገባ ያቃጥላል። ከአራት ኢንፌክሽን ሦስቱ ያህል የእሱ ሥራ ነው። በዚህ ላይ አኗኗሩ ይጨመርበታል። መጸዳጃ በሌለበት ቀበሌ ሴት ልጅ እስኪመሽ ሽንቷን ትይዛለች። ተማሪዋ በር በሌለው የትምህርት ቤት መጸዳጃ ምክንያት ውሃ ሳትጠጣ ትውላለች። ከአዲስ አበባ ወልድያ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ በአውቶቡስ የምትጓዝ እናት ሾፌሩን አቁም ማለት ታፍራለች። ስለዚህ የሽንት ኢንፌክሽን ጉዳይ በከፊል የመጸዳጃ ቤት ጉዳይ ነው፤ ይህን የወረዳ አስተዳደር እንጂ መድኃኒት ቤት አይፈታውም።

እርጉዝ ሴት ለብቻዋ መነሳት አለባት። ከመቶ እርጉዞች ከሁለት እስከ አሥር የሚሆኑት ምንም ሳያቃጥላቸው ባክቴሪያ በሽንታቸው ይገኛል። ካልታከሙ እስከ ሲሶ የሚደርሱት ኢንፌክሽኑ ወደ ኩላሊት ይወጣባቸዋል፤ ይህም ያለ ጊዜው ምጥ ሊያመጣ ይችላል። ምልክት የሌለውን ሕመም ብርድ የሚል አዋቂም፣ ምላስ አይቶ የሚለይ የቻይና ሐኪምም አያገኘውም። በእርግዝና ክትትል ሽንት ስጪ የምትባለው ለዚህ ነው፤ ሐኪሟ ባይጠይቋት ራሷ ብትጠይቅ እመክራለሁ።

ከመድኃኒት ቤት ያለ ማዘዣ ሲፕሮ ከተባለው ፀረ ባክቴሪያ ሁለት ፍሬ ገዝቶ መዋጥ በከተማው የተለመደ ነው። ማቃጠሉ በማግስቱ ይለቃል፤ ከባክቴሪያው ግን የሚተርፈው የጠነከረው ነው። ይህ ልማድ ከምችና ከብርድ የተሻለ የሚመስለው በካርቶን ስለታሸገ ብቻ ነው፤ መንስኤውን ሳይለዩ ማከም በኪኒንም ያው ስህተት ነው።

ጨብጥ በአጭሩ። ከጨረቃም ከጋለ ድንጋይም አይመጣም፤ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ይተላለፋል። ወንድ ላይ ብዙ ጊዜ ከሁለት እስከ ሰባት ቀን ውስጥ በማቃጠልና በመግል ይታያል፤ ሴት ላይ ግን ድምፁን አጥፍቶ ማህፀኗን ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ባል ብቻውን ቢታከም ነገሩ አያልቅም።

ሀብሩ ሞቃት አገር ነው፤ የቆቦ ጊራና ሸለቆ ሐሩር ሥራ ላይ ያለን ሰው በላብ ያደርቀዋል። ውሃ ሳይጠጣ የሚያልበው ሰው ሽንቱ ይወፍራል፤ በወፈረው ሽንት ውስጥ ያለው ጨው ይረጋና ጠጠር ይሆናል። ከጎን ጀምሮ ወደ ብሽሽት የሚወርድ፣ መጥቶ የሚሄድ፣ ሰውን መሬት ላይ የሚያንከባልል ሕመም የጠጠር ነው። ወደ ሳዑዲና ወደ ሌሎች የባሕረ ሰላጤ አገሮች ሄደው ሠርተው የሚመለሱ ልጆቻችን ይህን ማወቅ አለባቸው፤ ያ አካባቢ የሽንት ጠጠር በብዛት ከሚታይባቸው የዓለም ክፍሎች አንዱ ነው። በሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ደግሞ ስትጠማ መጠጣቱም ስትፈልግ መውጣቱም ሁልጊዜ በእጇ አይደለም። ጠጠር ያለበት ሰው በቀን ሁለት ሊትር ተኩል ያህል ሽንት እስኪሸና መጠጣት አለበት፤ ይህ ከሚመስለው በላይ ብዙ ውሃ ነው።

ደም ያለበት ሽንት ከሁሉ በላይ ሊፈራ ይገባል። ቀይ ሥር የበላ ሰው ሽንቱ ቀይ ሊሆን ይችላል፤ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሆነው ሪፋምፒሲንም ብርቱካንማ ያደርገዋል፤ እነዚህ አያስፈሩም። ሌላው ሁሉ መመርመር አለበት። ሀብሩ ከአፋር ትዋሰናለች፤ ብዙ ሰው ለከብት፣ ለንግድና ለጥጥ ሥራ ወደ አዋሽ ሸለቆ ይወርዳል። የሽንት ቢልሃርዚያ በኢትዮጵያ ከሚገኝባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ የመካከለኛውና የታችኛው አዋሽ ረግረግ ነው፤ ሌላው በሱዳን ጠረፍ ያለው ኩርሙክ ነው። ትሉ ከቀንድ አውጣ ወጥቶ በውሃ ውስጥ ቆዳ ሰርስሮ ይገባል፣ እንቁላሉ ፊኛን ያቆስላል፣ ለዓመታት ሳይታከም ከቆየ ወደ ፊኛ ካንሰር ሊያመራ ይችላል። ፕራዚኳንቴል በሚባለው መድኃኒት ይድናል። በወሎ ቆላ በባቲና በከሚሴ በኩል የሚታወቀው ቢልሃርዚያ ግን የአንጀቱ ነው፤ ደሙ የሚታየው በሰገራ ነው። ስለዚህ ደም የሸና የሀብሩ ሰው «አፋር ወርደህ ነበር?» ተብሎ መጠየቅ አለበት፤ እሱም ባይጠየቅ ይናገር።

እንዶድ እዚህ ጋ በተገቢ ቦታው ይመጣል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ፤ ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የሠሩት ሥራም እ.ኤ.አ. በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አስገኝቶላቸዋል። ሰው ቢጠጣው የሚጎዳው ፍሬ፣ ውሃ ውስጥ ሲገባ የበሽታውን መንገድ ይቆርጣል። ባህላዊ ዕውቀታችን በምርምር ሲፈተሽ ምን ሊሆን እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ምስክር አላውቅም።

አባቶች ሌሊት ሦስት አራት ጊዜ ሲነሱ፣ ሽንቱ ሲቀጥንና ሲቆራረጥ ዕድሜ ነው ብለው ዝም ይላሉ። የሚያድገው ፕሮስቴት የተባለው የወንዶች ዕጢ ነው፤ ይህ እድገት ከሃምሳ እስከ ስድሳ ባለው ዕድሜ ከወንዶች ግማሽ ያህሉ ላይ ይገኛል፤ አብዛኛው ካንሰር አይደለም። ሽንት ጭራሽ ሲዘጋ ግን ጠበልም ዕፅም ጊዜ ማባከን ነው፤ በዚያው ሰዓት በቱቦ መውጣት አለበት። በአገራችን ደን የሚበቅለው ጥቁር እንጨት በዚህ ረገድ የዓለም ታሪክ አለው። ልጡ ለፕሮስቴት መድኃኒትነት በአውሮፓ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ ይሸጣል፤ ዛፉም ስለተመናመነ እ.ኤ.አ. ከ1995 ወዲህ ንግዱ በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ነው። 1562 ወንዶች የተሳተፉባቸውን 18 ጥናቶች የመረመረ ግምገማ መጠነኛ ጥቅም እንዳለው ደምድሟል፤ ጥናቶቹ ግን አጫጭር ነበሩ። ልጡን በቤት ቀቅሎ መጠጣት ግን ከተመጠነው መድኃኒት ጋር አንድ አይደለም።

ብዙ የሚሸና፣ ብዙ የሚጠማ፣ እየበላ የሚከሳ ሰው የስኳር በሽታ ሊኖርበት ይችላል። ሽንቱ ላይ ጉንዳን ሲሰበሰብ አይቶ የጠረጠረ ሽማግሌ በትክክል ጠርጥሯል፤ ቻይናውያንም ጣፋጭ ሽንትን ከሺህ ዓመት በፊት መዝግበውታል።

ይህን ሁሉ ለመለየት መጀመሪያ የሚያስፈልገው ትንሽ ነገር ነው፦ ሽንት ውስጥ ተነክሮ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ስኳር፣ ደም፣ ፕሮቲንና የኢንፌክሽን ምልክት የሚያሳይ የወረቀት ዘንግ፣ ከዚያም ማይክሮስኮፕ። በ2013 መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ወልድያን ሲያዳርስ የሰሜን ወሎ የጤና ተቋማት ከባድ ጉዳት ደርሶባቸዋል። የአልጋና የአምቡላንስ ጥያቄ ጎልቶ ሲነሳ፣ የጤና ጣቢያ ላቦራቶሪ ማይክሮስኮፕና ዘንግ እንዳይረሳ አጥብቄ እጠይቃለሁ። እነሱ በሌሉበት የተማረው ጤና ባለሙያም ብርድ ነው ከማለት ብዙም አይርቅም።

የመጨረሻው ሽንት አለመያዝ ነው። ምጥ ለቀናት የተራዘመባት እናት የሕፃኑ ራስ ፊኛዋን ከአጥንት ጋር ሲጫነው ሥጋው ይሞታል፣ ይቀደዳል፣ ሽንቱም ቀን ከሌት ይፈሳል። ፌስቱላ ይህ ነው። ብርድ አይደለም፣ እርግማንም አይደለም፤ የዘገየ ምጥ ውጤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 ወደ ኢትዮጵያ የመጡት ዶክተር ካትሪን ሃምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ ሃምሊን የመሠረቱት የፌስቱላ ሆስፒታል በአዲስ አበባ፣ በባሕር ዳርም ቅርንጫፉ ይህን በቀዶ ሕክምና ይጠግናሉ፤ ሕክምናውም በነጻ ነው። ብዙ ቤተሰብ ይህን ያውቃል። ያነሰ የሚታወቀው ግን ጊዜው ነው፦ ከወሊድ በኋላ ሽንት እየፈሰሳት ያለች እናት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጤና ተቋም ከደረሰች፣ ቀዳዳውም ትንሽ ከሆነ፣ ለጥቂት ሳምንታት በፊኛዋ በሚቀመጥ የሽንት ቱቦ ብቻ ያለ ቀዶ ሕክምና ሊደፈን ይችላል። አራስ ናት፣ ብርድ ገብቷት ነው ተብላ አርባ ቀን ቤት ከቆየች ያ ዕድል ያልፋል።